እንደ በቅሎ የተመረጠችው ካሜራ

እናቴ ልትመነኩስ መሆኑን የነገረችኝ ስለ ጎመን ዘር ስናወራ ነው። ከምትኖርበት ከሽንዲ፣ ከጓሮዋ ቆመን፣ «ይህን መደብ ለጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ፤ እኔ ከእንግዲህ አልዘራበትም» አለች። ለምን ስላት፣ «ፋሲካ ሲያልፍ ቆብ እጭናለሁ፤ ከዚያ ወደ ገዳሜ» ብላ አረሟን ቀጠለች። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ እሷም ልጆቿን ድራ ጨርሳለች፤ የነፍስ አባቷም ፈቅደውላታል። እኔ እንግዲህ ምን እላለሁ? አንድ ነገር ብቻ ለመንኋት፤ ፀጉሯ ሳይላጭ ፎቶ እንድትነሣልኝ።

ቆብ ሲጫን ፀጉር ይላጫል። የእናቴ ፀጉር ደግሞ እርጅና ያላሳሳው፣ እንደ ባዘቶ የነጣ፣ ቅቤ ስቀባት ከእጄ ተርፎ የሚፈስ ፀጉር ነበር። ከቤተሰቧ በቀር ያየው የለም፤ ሻሿን አታወልቅም። ፎቶ የሚባል ነገር ደግሞ ከነሻሿም የላትም።

«ፎቶ ቤት ድረስ አልሄድም» አለች። «ፎቶ ቤቱ ከመጣልኝ ግን ምን አደርገዋለሁ?»

እሺታዋ ይኸው ነበር። ፎቶ ቤት ደግሞ እግር የለውም። ስለዚህ ካሜራ መግዛት ግድ ሆነብኝ አልሁ። ይህን ያልሁት ለሰው ነው፤ ለራሴማ እናቴ ባትመነኩስም ልገዛ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ሆኖ እኔ በርበሬ ስነግድ፣ ከጓሯችን ያለችውን ክፍል ለአንድ አስተማሪ አከራይተን ነበር። አስተማሪው ካሜራ ነበረችው። የሥራ ካሜራ አይደለችም፤ እሑድ እሑድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞርባት ናት። አንድ ቀን «እስቲ እዪባት» ብሎ ሰጠኝ። አየሁ። ከዚያ በኋላ መመለሱ ከበደኝ።

በትንሿ መስኮቷ ስታዩ፣ ሰውየው ሁለት ይሆናል። አንዱ ራሱ ነው፤ ሌላው ደብዘዝ ያለ ጥላው ነው፤ ከጎኑ ቆሟል። ፊት ለፊት ያለችውን ቀለበት ቀስ አድርጋችሁ ስታዞሩ ጥላው እየተጠጋ፣ እየተጠጋ መጥቶ ከባለቤቱ ላይ ልክክ ይላል። ያኔ መጫን ነው፤ ፎቶው ጥርት ብሎ ይወጣል። እኔ ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ፊደል ያወቅሁት ብዙ ቆይቶ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ካሜራዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ስለማላነበው አልፈራሁትም። ለፀሐይ ወዲህ፣ ለደመና ወዲያ፤ በቃ። ጋሪ አነሣሁ፤ ዶሮ አነሣሁ፤ የተሰጣ በርበሬ አነሣሁ፤ ለማንም የማይረባ ነገር ሁሉ አነሣሁ። ባለቤቴ ፎቶዎቹን አገላብጦ እያየ፣ «ይህ ይበላል?» ይለኝ ነበር።

አስተማሪው ተቀይሮ ሲሄድ ሰፈርተኛው ለአስተማሪው አዘነ። እኔ ለካሜራዋ አለቀስሁ። ሰዉ ምን ያውቃል፤ «እንዴት ያለች ሆደ ቡቡ አከራይ!» ብሎ አመሰገነኝ።

የእናቴ ነገር በመጣ ጊዜ ባለቤቴን አማከርሁት። ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ግዢ» አለ። «ቡሬ ያለው ዓረብ ጋ አሉ ይባላል። ግን አባባ ሳያዩት እንዳይሆን።»

አባባ የባለቤቴ አባት ናቸው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ጅጋ፣ በቅሎ የሚገዛ ሰው እሳቸውን ሳይዝ ገበያ አይወጣም። ጥርስ ያያሉ፤ ሰኮና ያነሣሉ፤ አካሄድ ይመረምራሉ፤ የሻጩን ፊት ከበቅሎዋ ፊት አብልጠው ያጠናሉ። ካሜራ ግን አይተው አያውቁም።

«አባባ፣ ይህ እኮ በቅሎ አይደለም» ብላቸው፣

«ሻጩ ሰው አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «እንግዲያው ምን ቸገረኝ?»

በመኪና ተሣፍረን ቡሬ ገባን። ካሜራዋን ከገዛን በማግስቱ ወደ ሽንዲ በእግር ልንሄድ ነው፤ አባባም ለእናቴ አምቻ ናቸውና ሊሸኟት ተስማምተዋል። ሱቁ በር ላይ በርበሬ እየተሰፈረ ስለነበር የገባነው ሁለታችንም እያነጠስን ነው። ዓረቡ ሁለት ካሜራ አውጥቶ ጨርቅ ላይ አስቀመጠልን። አንደኛዋ እንደ ሣጥን ያለች ጥቁር ናት፤ ሰው የሚታይባት ከላይ ወደ ታች፣ ጎንበስ ተብሎ ነው። ሁለተኛዋ ትንሽ፣ ብረት፣ ከበድ ያለች፤ የአስተማሪው ዓይነት። ልቤ ወዲያው ሄደ። ፊቴን ግን አጨማደድሁ፤ ገዥ ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይ አባባ በመንገድ ላይ አስጠንቅቀውኛል።

አባባ ብረቷን በማንገቻዋ አንሥተው አንጠለጠሏት። ዞር ዞር አደረጓት። ጆሯቸው ሥር ወሰዱ፤ ነቀነቋት፤ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉ። ጥርስ ቢኖራት ከንፈሯን በገለጡ ነበር።

«ማን ሲጋልባት ነበር?» አሉ።

«መንገድ የሚሠራ ፈረንጅ፣ አባቴ። ወላሂ ለእሑድ ብቻ ነው ያወጣት» አለ ዓረቡ።

«ለምን ሸጣት?»

«አገሩ ገባ።»

«አገሩ ሲገባ ይዟት አይገባም? ነውር ቢኖርባት ነው እንጂ!»

ዓረቡ ሣቀ፤ እሳቸው አልሣቁም። ቀጥለው «እስቲ አስኪጃት» አሉኝ። በቅሎ ሳትጋለብ አትገዛም። ካሜራ የሚጋለበው እንዴት እንደሆነ ግራ ቢገባኝም፣ ወደ እሳቸው አዙሬ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በመስኮቷ አየሁ። አባባ ብድግ ብለው ከበርበሬ ጆንያው ኋላ ተሸጎጡ።

«ምን በደልሁሽ? ጨፍነሽ ታነጣጥሪብኛለሽ? የልጄ ሚስት አይደለሽም?»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው በሣቅ ፈረሰ። እኔ አፈርሁ። ባገራችን በሰው ላይ አንድ ዓይን የሚጨፈነው ወይ ለጥይት ወይ ለፌዝ ነው፤ በአማት ላይ ደግሞ ለሁለቱም አይጨፈንም።

«ያችን ደግሞ ሞክሪ» አሉ፣ ሣጥኗን። ሣጥኗን ይዤ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ። አባባ ከጆንያው ኋላ ወጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እህ! እጅ ትነሣለች እኮ! ይህች ሸጋ ናት፤ ሥርዓት አላት። ይህችን ጠቅልልልን።»

ሣጥኗን ዐውቃታለሁ፤ አስተማሪው ነግሮኛል። ቅርብ ያለን ፊት አታጠራም። ከሩቅ ካነሣሁባት ደግሞ እናቴ የባቄላ ፍሬ ታክላለች፤ የባቄላ ፍሬ ያከለች ሴት ደግሞ ፀጉሯ አይታይም። ነገር ግን ምራት በሰው ፊት አማቷን «ተሳስተዋል» አትልም። ዞሬ ለብረቷ አዘንሁላት።

«አባባ እንዳሉ። ደግ አዩ። ምስኪን፣ ነውርማ አለባት። ሰውን ሁለት አድርጋ ታሳያለች።»

«ምን ታደርጋለች?»

«ሁለት። ይዩት እንጂ፤ እኔ ምኑን ዐውቄው።»

ነውር ከተባለ አባባ አይችሉም። ነጠቁኝ። ዓይናቸውን ለጠፉባት፤ አንዱን ዓይን መጨፈን ነውር መሆኑንም ረሱ።

«ማርያምን! ዓረቡ ሁለት ሆነ!»

«ወላሂ አንድ ነኝ» አለ ዓረቡ፣ ደንግጦ።

«ቀለበቷን ትንሽ ያዙሯት እስቲ» አልሁ።

«ቆይ... መጣ... ሁለተኛው መጣ... ዝም በል አንተ፣ አትነቃነቅ... ገባ! ገባበት! አንድ ሆነ!»

መልሰው ለያዩት። መልሰው አጋጠሙት። ዓረቡ ሲበቃው በር ላይ ወጡ፤ በርበሬ ሰፋሪዋን ሁለት አድርገው አንድ አደረጓት፤ ማዶ የታሠረች ዳማ በቅሎ አዩና ትንፋሻቸው ተቋረጠ። ተመልሰው ሲገቡ ፊታቸው የዳኛ ፊት ነበር።

«ነውሯን አግኝቻታለሁ፤ በእጅ ይታረማል። የዚያችኛዋ ሣጥን ግን ነውሯ የት እንዳለ ስላላወቅሁት እፈራታለሁ። ይህችን ነው።»

«አባባ ባይኖሩ ምን ልሆን ነበር!» አልሁ። ዓረቡ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሣቀ፤ ፊልሟንም አጉርሶ ሰጠን። ለእኔ አይደለም፤ ለእሳቸው።

ማግስቱን የሽንዲን መንገድ ያዝነው። ካሜራዋ በአባባ አንገት ላይ ነበረች። ዕቃው የኔ ነው፤ ግን ከአማት አንገት ላይ ዕቃ የምታወርድ ምራት እኔ አላየሁም። መንገዱ ደግሞ ገበያተኛ ይበዛበታል፤ ገበያተኛ ካለ በቅሎ አለ። አባባ በቅሎ ከፊት አነሡ። በቅሎ ከኋላ አነሡ። ባለቤቱ ከኮርቻ ወርዶ ከጎኗ ሲቆም፣ «አንተ ፈቀቅ በል፤ እሷን ነው» ይሉት ነበር።

«አባባ፣ ፊልሙ ያልቃል እኮ» አልሁ ቢቸግረኝ።

«ያልቃል? እኔ እኮ ጥሩ ጥሩዋን ብቻ ነው» አሉ፣ ተቀይመው።

ሽንዲ ስንደርስ ቁጥሩን ባላነበውም ፊልሙን የምትቆጥረው መርፌ ወደ ጥጉ መጠጋቷን አየሁ። በማግስቱ ጧት እናቴ ትላጫለች፤ ፊልም የሚሸጥ ደግሞ ከቡሬ ወዲህ የለም። ደግነቱ አባባ ቤት ገብተው ጠላ ሲቀርብላቸው ዋንጫ ለመቀበል ካሜራዋን ከአንገታቸው አወረዷት። አነሣኋት።

እናቴ ደጃፏ ላይ፣ ከፀሐዩ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሻሿን ፈታች። ፀጉሩ ወረደ። ሊሸኛት የመጣው ዘመድ ሁሉ አንገቱን አሰገገ፤ ብዙዎቹ የዚያን ቀን ነው ያዩት። እኔም ጠጋ ብዬ፣ ካሜራዋን አንሥቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ዓይንሽን ምን ነካው?» አለች።

«እንዲህ ነው የሚሠራው፣ እማዬ።»

«ገልጠሽ እዪኝ። ከእንግዲህ ብዙ አታዪኝም።»

ገለጥሁት። በአንዱ ዓይኔ በመስኮቷ ውስጥ ሁለት እናት አያለሁ፤ በሌላው ዓይኔ ከብረቷ ጎን ትልቋን እናቴን አያለሁ። የትኛዋን እንደምይዝ ጠፋኝ። ሌላ እርምጃ ጠጋ አልሁ፤ ፀጉሯ ክር በክር እንዲታየኝ። ቀለበቷን አዞርሁ። ሁለቱ ተጠጉ፤ ተጠጉ፤ አንድ ሆኑ። ተጫንሁ። ሌላ ልደግም ማጠንጠኛዋን ብስብ አልሳብ አለኝ፤ ፊልሙ አልቋል።

በማግስቱ እናቴ ተላጨች፤ ቆቧን ጫነች፤ ሄደች።

ፊልሙ ለመታጠብ ደብረ ማርቆስ ደርሶ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ቤታችን ተሰበሰበ። በቅሎ ወጣ። ሌላ በቅሎ ወጣ። የበቅሎዎቹ ሽፋሽፍት ሳይቀር ይቆጠራል። አባባ አንድ በአንድ እየተቀበሉ፣ «የዚህችን ጥርስ ባየሁት!» እያሉ ለባለቤቴ ያቀብላሉ። እናቴ መጨረሻ ላይ ወጣች።

አገጯ አለ። አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት አለ። አፏ፣ አፍንጫዋ፣ ዓይኖቿ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ አለ። ከቅንድቧ በላይ ግን ፎቶው አልቋል። ፀጉር የሚባል የለም።

ምክንያቱን ኋላ ደረስሁበት። የምናይበት መስኮት ከላይ ነው፤ ፎቶውን የሚይዘው ዓይኗ ግን ከሥሩ። ከሩቅ ሲሆን ልዩነቱ አይታወቅም፤ በጣም ሲጠጉ ግን መስኮቱ ያየው ሌላ፣ ዓይኗ የያዘችው ሌላ ይሆናል። አስተማሪው ይህን አልነገረኝም፤ እኔም ለዶሮና ለጋሪ ያን ያህል ተጠግቼ አላውቅም። የናፈቅሁትን ያህል ባልጠጋ ኖሮ ፀጉሯ ይኖረኝ ነበር። ሣጥኗን ገዝቼ ቢሆንስ? እንጃ። ባቄላ ትሆን ነበር፤ ግን ፀጉር ያላት ባቄላ።

አባባ ፎቶውን አይተው አጽናኑኝ። «አይዞሽ» አሉ፣ «በቅሎዎቹ ግን ሸጋ ወጥተዋል።» ከዚያ ወዲህ ካሜራ ልግዛ የሚል ሰውም እሳቸውን ያማክር ጀመር።

ክረምቱ አልፎ የገዳሙ ወንዝ ሲጎድል እናቴን ልጠይቅ ገዳም ወረድሁ። ፎቶውንም ካሜራዋንም ይዣለሁ፤ አዲስ ፊልም አጉርሻታለሁ፤ ይህን ግን አልነገርኋትም። በአጥሩ ጥላ ተቀመጥን። ቆቧ ፊቷን አሳጥሮታል። ፎቶውን ተቀበለች፤ አራቀችው፤ አቀረበችው።

«አፏ የእናቴን ይመስላል» አለች።

ከዚያ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ሌሎቹ እናቶች አለመቅረባቸውን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ፀጉሬንስ?»

«አልያዘውም፣ እማዬ።»

«አልያዘውም? ያን ቀን ስንት ጊዜ ያበጠርሁትን?» አለች። ወዲያው ደነገጠች፤ አማተበች። ለዓለም የሞተች ሴት ናት እኮ። ልሣቅ ላልቅስ አላወቅሁም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጣብኝ።

«ዕቃውን ይዘሽዋል?» አለች።

«ይዣለሁ።»

«ለመነኩሲት አይሆንም።»

«አይሆንም» አልሁ እኔም።

ቆቧን በሁለት እጇ አስተካከለች። ከዚያ ተነሥታ፣ ከጥላው ወጥታ፣ ፀሐይ ያረፈበት ድንጋይ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

«ዛሬ ፀሐዩ ደግ ነው» አለች፣ ወደ ወንዙ እያየች።

ካሜራዋን አወጣሁና ወደ ኋላዬ ራቅ አልሁ፤ ቆቧ ከነጫፉ ገብቶ፣ በላዩም ሰማይ እስኪተርፍ ድረስ።