ከሻወሩ በር ሥር የሚወጣ ውሃ

ሶዶ ውስጥ ስለ ሻወር መስታወት በር የታችኛው ጎማ እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። በመስታወቱ የታችኛው ጠርዝ ላይ የሚሰካ፣ በበሩና በወለሉ መካከል ያለውን ክፍተት የሚደፍን ቀጭን ነገር ነው። ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ልብ የሚለው ግን የለም። እኔም ልብ ያልኩት እናቴ ከቤቴ ከሄደች በኋላ ነው።

ባለቤቴ ካረፈች፣ ልጆቼም ሥራ ይዘው በየከተማው ከተበተኑ በኋላ እናቴን ከዲምቱ አመጣኋት። ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ልጦራት ብዬ ነው" እል ነበር። ውሸቴን ነው። ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ከፍቶ "ምነው ዘገየህ?" የሚለኝ ሰው ፈልጌ ነው።

ለእሷ ክብር ብዬ መታጠቢያ ቤቱን አሳደስኩ፣ መስታወት በር ያለው ሻወርም አስገባሁ። እሷ ግን ከላይ የሚወርደውን ውሃ አልወደደችውም። "ዝናቡን ቤት ድረስ አመጣህብኝ" ብላ ሳቀችብኝ። ሻወሩ ውስጥ ገብታ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ከሳፋ በጆግ እየጨለፈች መታጠቧን ቀጠለች። በታጠበች ቁጥር ውሃው ኮሪደሩ ድረስ ይወጣል። እኔ እየተነጫነጭኩ እወለውላለሁ፣ በሩን የገጠሙትን ሰዎችም እረግማለሁ።

አንድ ቀን ክፍሌን ዘግቼ ዜና ስሰማ ቆይቼ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አንድ እጇን በሌላው አቅፋዋለች። ነጠላዋ በስብሷል።

"አሁን ነው ያዳለጠኝ" አለችኝ።

የእጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር። በሳምንቱ እህቴ ከዲምቱ መጥታ ይዛት ሄደች። ስትወጣ "ያ ወለል ሳይደርቅ አትመለስም" አለችኝ። ተቆጥታ የተናገረችውን ቃል እኔ እንደ ተስፋ ያዝኩት። ወለሉ ከደረቀ ትመለሳለች ማለት ነው።

የሒሳብ መምህር ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ "ሳትለኩ አትገምቱ" እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ ሳልለካ ሄጄ ወፍራሙን ጎማ ገዛሁ። ወፍራም ከሆነ ውሃ አያሳልፍም ብዬ ነው። በሩ ወለሉን እየፋቀ አልዘጋ አለ፤ በጉልበት ስገፋው ጎማው ተፈናጥሮ ወጣ። ሁለተኛው ደግሞ ከእኔ መስታወት ለሚወፍር የተሠራ ስለነበር ጠርዙን መያዝ አቅቶት ተንሸራቶ ወደቀ። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ኖሮ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ባደረጉኝ ነበር።

በሦስተኛው ጊዜ ስሄድ ጎማውን የምትሸጥልኝ ባለሱቅ ገና ከሩቅ ስታየኝ ሳቀች። "መምህር፣ ዛሬስ ለክተው መጡ?"

ለክቼ ነበር። የመስታወቱ ውፍረት ስምንት ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ በማጠፊያው በኩል ዘጠኝ፣ በእጀታው በኩል ግን አሥራ ሁለት ነው፤ ወለሉ ትንሽ ያዘቀዝቃል።

"እንግዲያው የሚታሰበው ሰፊው ክፍተት ነው" አለችኝ። "ጠበብ ባለው በኩል የሚተጣጠፍ ለስላሳ ይፈልጋሉ። የሚታጠበው ሰው ቆሞ ነው ተቀምጦ?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። እናቴ መሆኗን፣ ተቀምጣ እንደምትታጠብ ነገርኳት።

"ታዲያ ውሃው በሩን ከታች ነው የሚመታው። ይሄኛውን ይውሰዱ፤ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ምላስ አለው፣ ውሃውን ይመልሳል። ምላሱ ወደ ውስጥ ነው፣ አደራ! እሳቸውስ በየት በኩል ነው የሚወጣው ይላሉ?"

እሷን አልጠየቅኋትም ነበር። ይህን ለባለሱቋ መናገር አፍሬ "በሥር ነው" ብዬ አለፍኩት።

ጎማውን በልኩ ቆርጬ ሰካሁት። ከዚያ በእናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ በሩን ዘግቼ፣ በእሷው ጆግ ሳፋውን ሙሉ ውሃ በራሴ ላይ አፈሰስኩ። ወጥቼ ኮሪደሩን በመዳፌ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። ጮክ ብዬ "ደረቀ!" አልኩ። የሰማኝ የለም፤ ባዶው ሳፋ ውስጥ ጆጉ ብቻ ቀርቷል።

ቅዳሜ በሚኒባስ ዲምቱ ሄድኩ። የተረፈችውን የጎማ ቁራጭ ለማሳየት በኪሴ ይዣለሁ። እናቴ በእህቴ ደጅ ላይ ተቀምጣ በደኅናው እጇ ቦሎቄ ትፈለፍላለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና በወላይትኛ ሁሉን አስረዳኋት፤ ውፍረቱን፣ ክፍተቱን፣ ምላሱን። ጎማውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

"ታ ናኣው" አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። "ያንን በር መች ዘግቼው አውቃለሁ?"

"እንዴት?"

"ገርበብ አድርጌ ነበር የምታጠበው። ከዘጋሁት ብጣራ አትሰማኝም ብዬ።"

ውሃው በሥር አልነበረም የሚወጣው። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የምለካው የተዘጋ በር ነበር። ሌላ ነገር ትዝ አለኝና እንዳልጠይቅ ፈራሁ፤ ግን ጠየቅሁ።

"አዬ" አልኳት፤ በወላይትኛ እናቴ ማለት ነው። "የወደቅሽ ዕለት ጠርተሽኝ ነበር?"

ዓይኗን ወደ ቦሎቄው መለሰች። "ዜናህ ይጮህ ነበር" አለች። "ነጠላዬ እላዬ ላይ እስኪቀዘቅዝ ተጣራሁ። ከዚያ ተውኩት።"

"አሁን ነው ብለሽኝ አልነበር?"

"ታዲያ ምን ልበልህ?"

ጉሮሮዋን ከርክሯት ሳል አለች። ወዲያው እህቴ ከጓዳ "አዬ፣ ምን ሆንሽ?" ብላ ተጣራች። እናቴ አልጠራቻትም ነበር። ስላሳለች ብቻ ነው።

"ምንም" አለች እናቴ። ከዚያ ጎማውን መዳፌ ላይ መለሰችልኝ። "እዚሁ ልሁን፣ ልጄ።"

ጎማውን ወደ ኪሴ መለስኩት። ምሳ በልቼ ብቻዬን ተመለስኩ።

ጎማው እስካሁን ደኅና ነው። እኔ ግን አሁን ስታጠብ በሩን ገርበብ አደርገዋለሁ፤ ውሃው ኮሪደሩ ድረስ ይወጣል፣ ራሴ እወለውለዋለሁ። ቢያዳልጠኝ ማንን እንደምጠራ አላውቅም።