ለዛሬ ብቻ የተቀጠረው ሰው

አንዱአምላክ አረቄ ሊተው ያልማለበት ታቦት በሸሕዲ ዙሪያ አልነበረም። በሚካኤል ምሏል፣ በጊዮርጊስ ምሏል። አንድ ጊዜማ ቄስ ፊት ቆሞ «እስከ ዓመቱ ብቀምስ ከሰው አልቆጠር» ብሎ ተገዝቷል። ግዝቱ እስከ ቅዳሜ ገበያ ጸና። ከዚያ ወዲያ በቤተ ክርስቲያኑ በር ማለፍ ስላፈረ በጓሮ በኩል መሄድ ጀመረ፤ በጓሮ በኩል ያለው ደግሞ አረቄ ቤቱ ነው።

ሰውየው ትራክተር ነጂ ነበር። አንድ ክረምት ከኮኪት ወዲያ ባለው የሰሊጥ መሬት ላይ የጌታውን ትራክተር ከነማረሻው ቦይ ውስጥ ከትቶ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ ሲያንኮራፋ ተገኘ። ሞተሩ እየሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ቁልፍ የሚሰጠው ጠፋ። ሚስቱ አሰፋችማ ከዚያም ቀድማ ነበር ከቤቱ የወጣችው። ልጃቸውን ማስተዋልን ይዛ እዚያው ሸሕዲ ሌላ ሰፈር ቤት ተከራየች፤ ለጫኝና አውራጅ ምግብ እየሸጠች አሳደገቻት።

አንዱአምላክም የቀን ሠራተኛ ሆነ። ጎህ ሲቀድ ከደጋ ከመጡት ጎልማሶች ጋር ሰው በሚቀጠርበት አደባባይ ይቆማል፤ ከጠራው ጋር ይሄዳል። ከአደባባዩ ትይዩ የሐሚዳ ሱቅ ነበረች። ሐሚዳ ሻይና ከርከዴ የሚሉትን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ ሳሙናና ባትሪ፣ አንዳንዴም ምክር የሚሸጡ ሴት ናቸው። ምክሩን በነፃ ነው የሚሰጡት፤ ለዚህም ይመስላል ብዙ ሰው ሻዩን ብቻ ጠጥቶ የሚሄደው። አገሬው ሁሉ በሱዳኑ አፍ «ኻልቲ» ይላቸዋል፤ አክስቴ እንደማለት ነው።

አንድ አመሻሽ አንዱአምላክ ሻይ ሊጠጣ ጎራ አለ።

«እንዴት ዋልህ?» አሉት።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሱማ ይመስገን። እኔ የጠየቅሁህ አንተን ነው። እንዴት ዋልህ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ሰላምታ ሰላምታ ነው፤ «እንዴት ዋልህ» ሲሉት «ይመስገን» ይላል፣ ይታለፋል። ግራ ገባው።

«ደህና ነኝ ኻልቲ።»

«ደህና ሰው ብርጭቆ በሁለት እጁ አይዝም።»

አንዱአምላክ እጆቹን አየ። ብርጭቆው ከሳህኑ ጋር እየተጋጨ ቅጭልጭል ይላል። ሊቆጣ አሰበ፤ ለመቆጣት ግን ብርጭቆውን ማስቀመጥ ነበረበት፣ እሱም አልሆነለትም። ስለዚህ እውነቱን ተናገረ።

«አልቻልኩም። መማሉን እችላለሁ፤ መጠበቁን ነው ያቃተኝ።»

«ለስንት ጊዜ ነው የምትምለው?»

«ለዕድሜ ልክ ነዋ!»

ሐሚዳ ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው ነው የሚስቀው፤ ድምፃቸው አይሰማም።

«አንተዬ፣ ኮንትራት ነዋ የያዝህ! ያን ሁሉ ማሳ ብቻህን ልታርም ተፈራርመህ፣ ገና ዳሩን ሳትነካ የምትኮበልል ነህ። ማን እንዲህ አድርግ አለህ? የቀን ሠራተኛ አይደለህም እንዴ? ጠዋት ተቀጠር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ተሰናበት። ነገ የነገ ነው።»

«እግዚአብሔር እንዲህ በቀን ይቀጥራል ብለው ነው?»

«ረመዳንን በአንድ ቀን የጾመ ሰው አይተህ ታውቃለህ? የእናንተስ ሁዳዴ በአንዴ ይጾማል?»

«የለም። በየቀኑ ነው።»

«እንግዲህ!»

ይህን ብለው የታችኛውን ከንፈራቸውን በጣት ወደ ውጭ ገለበጡለት። ድዳቸው ከአንድ ወገን ጠቁሮ ሸሽቷል። እዚያ ቦታ የሱዳን ትምባሆ ነበር የኖረው፤ ከልጃገረድነታቸው ጀምሮ ከከንፈራቸው ሥር አልተለየም። «ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ‹ከእኔ ጋር ነው የተጋባሽ ወይስ ከትምባሆ ቆርቆሮው?› ይለኝ ነበር» አሉ።

«ታዲያ እንዴት ተዉት?»

«ማን ተውኩ አለህ? ዛሬ አልያዝኩም። ነገን አላህ ያውቃል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አንዱአምላክ ጎህ ሲቀድ፣ ወደ አደባባዩ ከመሄዱ በፊት፣ በሩቁ ወደ ሚካኤል ዞሮ ባርኔጣውን ያወልቃል። መሐላም ስለትም የለም። «ጌታዬ፣ ለዛሬ ቅጠረኝ» ይላል፤ በቃ። ሲመሽ ሐሚዳ ጋ ይመጣል። «እንዴት ዋልህ?» ሲሉት «ዋልኩ» ካለ፣ ያን ቀን አልቀመሰም ማለት ነው። «አልዋልኩም» ያለባቸው ቀኖችም ነበሩ። ያኔ ሐሚዳ አይቆጡም፣ አያዝኑም፣ «ነገም ጎህ ይቀዳል» ብለው ሻዩን ይቀዳሉ። እሱም በተራው «እርስዎስ እንዴት ዋሉ?» ብሎ መጠየቅ ለመደ። እሳቸውም እንደሱ እውነቱን መናገር ነበረባቸው፤ ውሉ እንዲያ ነበር።

እውነት ደግሞ እንደ ሙጃ ናት፤ አንድ ቦታ ከበቀለች አጥር አይመልሳትም። አንዱአምላክ የሰበረውን ማጭድ ለአሠሪው «ሰብሬዋለሁ» ብሎ መለሰ። ቀጥሎ ከትራክተሩ ጌታ ቤት ሄዶ ደጅ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ያኔ ጎርፍ ነው ያንሸራተተኝ ብዬዎት ነበር። ጎርፍ አይደለም። ሰክሬ ነው።»

ሰውየው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ትንሽ አየው። «ይህን ያላወቀ ሰው አለ እንዴ?» አለው። «ግባና ምሳ ብላ።»

ቁልፍ አልሰጠውም፤ አንዱአምላክም አልጠየቀም። ምሳው ግን ሽሮ ነበር፣ ጥሩ ሽሮ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጥር ገባ። ሰሊጡ ተወቅቶ መጋዘን በገባበት ወቅት አንዱአምላክ ኩንታል ሲሸከም ይውላል። አንድ ቀን ማስተዋል መጋዘኑ በር ላይ ቆማ አገኛት። የእናቷን ቁመት ይዛለች፤ የእሱን ቅንድብ።

«አባዬ፣ ላገባ ነው።»

«ሰምቻለሁ የኔ ልጅ። ደስ ብሎኛል።»

«ከእማዬ ጎን እንድትቀመጥ እፈልጋለሁ። ስሸኝ ጉልበትህን እንድስም።» ወዲያው ዓይኗን ወደ ኩንታሎቹ አዞረች። «ከሸተተኝ ግን የጋሼ ጀምበሩን ጉልበት ስሜ እሄዳለሁ። አላለቅስም። ማልቀሱን ጨርሻለሁ።»

ጀምበሩ የአሰፋች ታላቅ ወንድም ነው፤ በለሳ ይኖራል። አንዱአምላክ «እሺ» ብሎ ኩንታሉን ተሸከመ። ማታ ሐሚዳ ጋ ሲደርስ ቃሉ ሁሉ አንድ ላይ መጣለት።

«ኻልቲ፣ ሠርግ ነው! ሠርግ ላይ ‹በሞቴ› አለ! አንዱ በሞቴ ይላል፣ አንዱ አፈር ስሆን ይላል። አልጠጣም ብል ሰው እንደገደልኩ ነው የሚቆጠር።»

ሐሚዳም በሠርጉ ጠዋት አንድ ሃይላንድ ሙሉ ከርከዴ አስያዙት፤ ጥርት ያለ፣ ደም የመሰለ። «ባዶ እጅ ያየ ይሞላዋል» አሉት። «አንተ እጅህን ሞልተህ ተቀመጥ።»

ዳሱ ሰፊ ነበር። አንዱአምላክ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ ከአሰፋች አጠገብ ተቀመጠ። አሰፋች ከጎኑ አልራቀችም፣ አልቀረበችምም። እሱ ከርከዴውን በብርጭቆ ቀድቶ በእጁ ያዘ። ምክሩ ሠራ፤ ቀጂዎቹ የተሞላ ብርጭቆ እያዩ አለፉት። ማስተዋል ከጓዳ መጋረጃ ጀርባ ከሚዜዎቿ ጋር ሙሽራውን ትጠብቃለች። ደህና እየተዋለ ነበር፤ ጋሼ ጀምበሩ የአረቄ መለኪያ ይዞ እስኪደርስ ድረስ።

«አማቼ! በል ቅመስልኝ!»

«ይቅርብኝ ጋሼ ጀምበሩ።»

«በሞቴ!»

«ኧረ ይኑሩልኝ።»

«አፈር ስሆን!»

«አይሁኑ።»

«ጀምበሩ ስቀበር!»

አንዲት ባልቴት ከወዲያ ማዶ «እንግዲህ ይህን ያህል ከሞተ ተዝካሩንም ከሠርጉ ጋር እንብላዋ!» አለች። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ጀምበሩ አፈረ። መለኪያውን አንዱአምላክ ፊት ቁጭ ሲያደርግ ዓይኑ እዚያው በተቀመጠው ቀይ ብርጭቆ ላይ አረፈ። የበለሳ ሰው ነው፤ ከርከዴ የሚባል ነገር በዕድሜው አላየም።

«አሃ! የእኔን አረቄ ንቀህ ነው! ወይን ጠጅ ደብቀህ እየጠጣህ! እዩልኝ ሰዎች፣ እዩልኝ! ተወ የተባለው ሰውዬ!»

ሳቁ ቆመ። አሰፋች ቀስ ብላ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ያ የድሮው ድካም ተመለሰ። የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። ማስተዋል ነጭ እንደለበሰች ደፉ ላይ ቆመች።

«ከርከዴ ነው» አለ አንዱአምላክ። ድምፁ ለራሱም የውሸት መሰለው። ስንት ጊዜ ነው «ውሃ ነው» ብሎ አረቄ የጠጣው?

አንድ የሚያውቀው ነገር ተነሳበት። ጥማት አይደለም፤ ኩርፊያ ነው። ጥማቱን ሁልጊዜ ወደ ቤት የሚያስገባው ኩርፊያ ነበር። «ይህን ሁሉ ለፍቼ ካልታመንኩማ» አለው ውስጡ። «ከታማህ አይቀር ጠጥተህ ታማ።» መለኪያው ደግሞ እፊቱ ነው። እጁን ከዘረጋ ይደርሳል።

ቀና ሲል በዳሱ ቅጠል ስንጥቅ የገባች ፀሐይ ዓይኑን ወጋችው። ገና ቀን ነው። እሱ ደግሞ የተቀጠረው እስክትጠልቅ ነው። እኩል ቀን ላይ ሥራ ጥሎ የሚሄድ ሠራተኛ ምን ይባላል?

እጁን ዘረጋ፤ ከመለኪያው አሳልፎ ብርጭቆውን አነሣና ወደ ልጁ ሄደ።

«ቅመሺው፣ የኔ ልጅ» አላት። «ብትጠረጥሪኝ አልፈርድብሽም። መጠርጠሩን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

ማስተዋል ብርጭቆውን ተቀበለች። አሸተተች። ቀመሰች። ፊቷ ከቅንድቧ እስከ አገጯ ተጨማደደ።

«እህህ! ስኳር እንኳ የለውም እኮ!»

«ኻልቲ ሐሚዳ ስኳርም ሱስ ነው ይላሉ።»

ሳቋ አፏ ውስጥ የቀረውን ከርከዴ ሊያስወጣው ትንሽ ቀረው። ሚዜዎቿ ነጩን ቀሚስ ለማዳን ተሯሯጡ። ጀምበሩ ብርጭቆውን ነጥቆ እሱም ቀመሰ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።

«ከዚህ ሁሉ ድግስ መሀል ይህን እየጠጣህ ነው? ምነው፣ ተገዝተሃል?»

«የለም ጋሼ። የቀን ሠራተኛ ነኝ።»

ጀምበሩ አልገባውም። ነገር ግን መለኪያውን አነሣና ራሱ ጨለጠው፤ «በራሴ ሞት» ብሎ።

ሙሽራው መጥቶ፣ ተበልቶ፣ ተጨፍሮ፣ መሸኛው ደረሰ። ማስተዋል የእናቷን ጉልበት ሳመች። ከዚያ ወደ አባቷ ተንበረከከች። አንዱአምላክ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀው ምርቃት ነበረው፣ አብርሃምና ሣራ ያሉበት። አንዱም አልመጣለትም። እጁን ራሷ ላይ ጭኖ፣

«ዛሬን በፍቅር ዋሉ» አለ። «ነገ ሲመጣ፣ ነገንም እንደዛሬው ዋሉ።»

«አሜን» አለ ዳሱ፣ ምርቃቱ አጠረ ብሎ እየገረመው።

ማስተዋል ከጉልበቱ ቶሎ አልተነሳችም። እያሸተተች ይሁን እያለቀሰች እሱ አልጠየቀም። ቀና ስትል ግን ሽፋሽፍቷ ርሶ ነበር። «ሰሊጥ ሰሊጥ ትላለህ፣ አባዬ» አለችው።

ወደ ሐሚዳ ሱቅ ሲሄድ በቤተ ክርስቲያኑ በር በኩል አለፈ። የጓሮው መንገድ ትዝም አላለውም። ሱቁ ሲደርስ ባዶውን ሃይላንድ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ሁሉንም ከነጀምበሩ ድምፅ አስመስሎ ተረከላቸው። ሐሚዳ ሳቁ፤ ትከሻቸው ግን እንደወትሮው አልሳቀም።

«እርስዎስ እንዴት ዋሉ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እሱማ ይመስገን፣ ኻልቲ። እኔ የጠየቅሁት እርስዎን ነው።»

ሐሚዳ ከሚዛኑ ሥር ጨርቅ ገልጠው አንዲት ትንሽ የትምባሆ ቆርቆሮ አወጡ። ከመተማ የመጣ የሱዳን ከባድ መኪና ሹፌር ሻይ ሲጠጣ ረስቷት ሄዷል።

«ከጠዋት ጀምሮ ስታየኝ ዋለች» አሉ። «ልጥላት ብዬ እጄ አልሄድ አለኝ። አልከፈትኳትም። ግን ጨርቁን ሦስቴ ነው የገለጥኩት።»

«እና ለምን አልላኩብኝም?»

«ልጁን በሚድር ሰው ላይ በትምባሆ ይላካል? አፈርኩ።»

አንዱአምላክ ቆርቆሮዋን ተቀብሎ ከሱቁ ጀርባ ካለው ሽንት ቤት ከነክዳኗ ከተታት። ሲመለስ እጁን በሳሙና ታጠበ። ሐሚዳ ሻይ ቀድተው ጠበቁት። ብርጭቆውን በአንድ እጁ ተቀበለ።

«ዋሉ እኮ፣ ኻልቲ» አላቸው።

«ዋልኩ» አሉ ሐሚዳ፣ ረጅም ተንፍሰው። «ሹፌሩ ነገ መጥቶ ዕቃዬን ቢለኝስ ምን እለዋለሁ?»

«ከርከዴ ቀድተው በሞቴ ይበሉት።»

ይሄኔ ትከሻቸው ሳቀ። የመግሪብ አዛን ከመስጊዱ ተሰማ፤ ሐሚዳ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ለሶላት ተነሡ። አንዱአምላክ ሱቁን እየጠበቀ፣ ሻዩን ቀስ እያለ ጠጣው።