የጀልባዋ ሆድ ሽታ

ሞላ ከአንበሳሜ በላይ፣ በገብስ ማሳ መካከል ያደገ ሰው ነው። የአባቱ መሬት ለወንድማማቾቹ ስትጠብ ወደ ጣና ዳር ወረደ። ዋና ሳይችል ከውኃው ጋር ኑሮ መሠረተ፤ እያደርም ከእህቱ ባል ከይሻው ጋር አንዲት ሰፊ የእንጨት ጀልባ አቆመ። ሞላ መሪውን ይይዛል፤ ይሻው ሞተሩን ይጠብቃል። እህልም ሰውም ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሲያመላልሱ ኖሩ።

ያገሩ ጸጥታ ሲደፈርስ ሐይቁ ለወራት ተዘጋ። ጀልባዋም ዳር ታስራ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ጠጣች። ጉዞ ሲፈቀድ የተሳፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ገና ሳይቀመጡ አፍንጫቸውን ያዙ።

«ልጆቼ፣ እዚህ ውስጥ ምን ሞቷል?» አሉ አንድ አረጋዊ መነኩሴ፤ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ወረዱ። ሌላውም ተከትሏቸው ወረደ።

ሽታው የሚወጣው ከወለሉ ሳንቃ ሥር፣ ከጀልባዋ ሆድ ነበር። የተጠራቀመውን ውኃ በባልዲ ጨለፉት፤ ሳሙና ደፉበት። ሽታው ቀነስ ይልና ፀሐይ ሲጠነክር ብሶበት ይመለሳል።

«ሳንቃውን ነቅለን ከሥሩ ካላየነው አይለቅም» አለ ሞላ።

«አያ ሞላ፣ አንቱ ደግሞ! ይህን ሁሉ ነቅለን መቼ ልንመልሰው ነው? ሕዝቡ ለንግሥ ሊመጣ ነው እኮ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«ለእኔ ይተዉት፤ መላ አለኝ» አለ ይሻው እየሳቀ።

በገበያው ቀን ሞላ ሚስማር ሊገዛ አንበሳሜ ወጣ። ሲመለስ ሰው ዳር ላይ ተሰብስቦ አየ። ይሻው በወለሉ መግቢያ በኩል በረኪና ደፍቶ ኖሯል። ሽታው አልሞት ሲለው የባትሪ አሲድ ጨመረበት፤ ብሩሽ ይዞም ቀጥ ብሎ መቆም ወደማይቻልበት ሆድ ገባ። ጎረቤታቸው ጀልበኛ ሙላቴ ሳል ሰማ፤ ከዚያ ዝም። ተከትሎት ሊገባ ቢሞክር ከሁለቱ ቅልቅል በወጣው መርዘኛ ጭስ ዓይኑ ተቃጠለ፣ ጉሮሮው ተዘጋ። ቆይተው የይሻውን እግር በገመድ ጠልፈው ስበው አወጡት።

ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ያን ቀን ዝግ ነበርና ወደ ደብረ ታቦር ተነሡ። ሞላ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ የአማቹን ራስ ታቅፎ ተቀመጠ። ይሻው ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ውኃ የሚፈላ ይመስላል። ወረታን አልፈው አቀበቱን ሲጀምሩ ዓይኑን ገለጠ።

«አያ... ለቀቀ? ሽታው?»

«ለቀቀ፣ ወንድሜ። ለቀቀ» አለው ሞላ። ዋሸው። ይሻው አቀበቱን አልጨረሰም።

ከአርባው በኋላ ሞላ ሙላቴን አስከትሎ፣ ነፋስ በሚነፍስበት ጠዋት ሳንቃውን አንድ በአንድ ነቀለ። ከአንደኛው ማዕዘን የፈሰሰ እህል ጠቁሮ፣ ሻግቶ፣ ከሚንጠባጠብ ናፍጣ ጋር ተቦክቶ አገኙት። በአካፋ ጠረጉት፤ የናፍጣውን ቱቦ አጠበቁ፤ በሙቅ ውኃና በሳሙና ፈግፍገው ለፀሐይ ለቀቁት። ቀትር ሳይሆን አለቀ። ሞላ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ በለቅሶው ቀን እምቢ ያለው እንባ ያን ጊዜ ወረደ። ሙላቴ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ቆየለት።

ወደ ማታው ግድም እህቱ ትርንጎ ጥቁሯን እንደለበሰች መጣች። ከባሏ ሞት ወዲህ ሐይቁ ዳር ደርሳ አታውቅም።

«አያ፣ ጠራ?»

«ጠራ።»

ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አሸተተች።

«ይህችን ለማጥራት ነው?» አለች። «ይሻው የሞተው ለዚህ ነው?»

ሞላ የተነቀለውን ሳንቃ ወደ ቦታው ይመልስ ጀመር።

«ሰው ይጫኑባት፤ ልጆቼ ይብሉ። እኔን ግን ወደዚህ እንዳይጠሩኝ» ብላ ሄደች።

ለቀጣዩ ንግሥ ጀልባዋ ጢም ብላ ሞላች። ሞተሩ ጋ ሙላቴ ተቀምጧል። አንዲት እናት ልጇን ወለሉ ላይ አስተኝታ፣ «እንዴት ያለች ንጹሕ ጀልባ ናት!» አለች። ሞላ ሰምቶ እንዳልሰማ መሪውን ወደ ደሴቱ አዞረ።