የአይከሉ መኪና ሰዓት

ፈህሚያ የተበላሸ ነገር ማየት አትወድም፤ ተበላሽቶ «ይሠራል» የሚባል ነገር ደግሞ ያቅለሸልሻታል። አራዳ ገበያ ጨርቅ ከሚነግዱ ቤተሰቦች ተወልዳ፣ ኮምፒውተር ተምራ፣ የአውቶቡስ ትኬት የሚቆርጥ ቢሮ ውስጥ ተቀጠረች። ዳኛው የሚባለው አለቃዋ የድርጅቱ ባለቤት የእህት ልጅ ነው፤ ሌላ ሙያ አይታበት አታውቅም።

ዳኛው የጻፈው ፕሮግራም ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ለመንገደኛው ትኬት በሐበሻ ሰዓት ያትማል፣ ለአዲስ አበባ ሪፖርት በፈረንጅ ሰዓት ያዘጋጃል። ስድስት መቀነስ ከብዶት ኮምፒውተሩን ማታለል መረጠ። ትኬት ሊታተም ሲል ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩ የሚከተለውን የሰዓት ክልል ወደ ሐበሻ ይቀይራል፤ ሪፖርቱ ደግሞ መልሶ ወደ ፈረንጅ ይቀይረዋል። ክልሉ የተጻፈው ግን ሁለቱም በሚጋሩት አንድ ቦታ፣ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል በሚሉት ውስጥ ነው፤ አንዱ ሲቀይረው ለሌላውም ይቀየራል።

«ትኬቱ ሳይታተም ሪፖርቱ ቢቀድመውስ?» አለችው ገና እንደተቀጠረች።

«ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት የሲ ላይብረሪ ራሱ ይቆልፈዋል።»

«የሚቆልፈው ሲጻፍ ብቻ ነው፤ ወዲያው ይከፍተዋል። የሚያነበውማ ቁልፍ መኖሩንም አያውቅም። ምነው ስድስት ቀንሰህ ብትገላገል?»

ዳኛው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ትኬት በተሳሳተ ቁጥር «እንደገና አትሚው» ይላታል። ቢሮው እጅ እጅ አላት።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ባንቺአየሁ የሚባሉ አሮጊት ስንቃቸውን አንጠልጥለው መጡ። አይከል ከተማ ያለ ወንድማቸው በጠና ታሞ «ዓይኗን ልይ» ብሎ ልኮባቸዋል። ዋዜማውን የቆረጡት ትኬት «7 ሰዓት» ይላል። በቀን ያለችው አንዲት መኪና ግን ጠዋት በ1 ሰዓት ሄዳለች።

«ልጄ፣ መኪናው የት ነው የቆመው?» አሉ።

ፈህሚያ ትኬቱን ተቀብላ ስታየው የታተመው የፈረንጁ ሰዓት ነው፤ ይኼኔ የአሮጊቷ ስልክ ጮኸ። አዳመጡና አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ። «ወንድሜ አረፈ። ቀብሩ ነገ ነው።»

«ነፍስ ይማር፣ እማማ። ሲስተሙ አልፎ አልፎ ነው እንዲህ የሚያደርገው» አለ ዳኛው፤ የነገውንም ትኬት በነፃ አተመላቸው።

ፈህሚያ ከማተሚያው መንጭቃ አየችው። «7 ሰዓት»።

አፏ መረራት። የዳኛውን ፊት ማየት እንኳ ቀፈፋት። ትኬቱን እዚያው ቀድዳ ጣለችው፣ የማተሚያውን ገመድ ነቀለች፣ በእስክሪብቶ «አይከል፣ ጠዋት 1 ሰዓት» ብላ ጽፋ ሰጠቻቸው።

ባንቺአየሁ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ይኼኛውስ ይታመናል፣ ልጄ?» አሉ።