ክብ ሠርተን የተቀመጥን ዕለት

ሊወስዱኝ ሲመጡ ሁለት ወንበር ጉልበት ለጉልበት ገጥሜ፣ ሰው እንዴት እንደሚደመጥ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ እያሳየሁ ነበር። እንጅባራ ላይ የኅዳር ጉም መስኮቱን ሸፍኖታል። አንዲት ተማሪ የተጨነቀች ባለጉዳይ ሆና ትተውናለች፤ እኔ አማካሪ ነኝ። በሩ ተከፍቶ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሲገቡ ልጅቷ የትምህርቱ አካል መስሏት ትወናዋን ቀጠለች። "እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል" አለች፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል።

"መምህሩ አንተ ነህ?" አለኝ ከፊት ያለው።

ነኝ አልኩ።

"ለአጭር ጥያቄ ነው። ጃኬትህን ያዝ።"

ጃኬት ያዝ ከተባለ ጥያቄው አጭር እንዳልሆነ ለማወቅ የሥነ ልቦና ዲግሪ አያስፈልግም። ማን እንደነበሩና ማን እንደላካቸው እዚህ አልጽፍም። በአንድ ስብሰባ ላይ፣ ተኩስ ሲሰሙ የከረሙ ልጆችን ገና እንቅልፍ ሳይጠግቡ ለመውጫ ፈተና አታጣድፏቸው ብዬ ነበር። በዚያ ይሁን በሌላ፣ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

ያስገቡኝ ዳንግላ ዳር ላይ ያለ አሮጌ የድንች መጋዘን ውስጥ ነው። ድንቹ ከወጣ ዘመን ሆኖታል፤ ሽታው ግን አልወጣም። ቀን ቀን ቆርቆሮው ይግላል፣ ሲመሽ ሲሚንቶው አጥንት ይሰብራል። ከሃያ የምንበልጥ ሰዎች ነበርን፤ አንዱ ጎኑን ሲያዞር ሁሉም አብሮ ይዞራል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ከሥሩ ካርቶን ቀዶ ግማሹን ሰጠኝና አየት አደረገኝ።

"እንጅባራ፣ ቆሰበር ላይ፣ ባጃጄ ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጠህ በስልክ ስትጮህ የነበርክ መምህር አንተ አይደለህም?"

"ኔትወርክ ስለማይሰማ ነው።"

"እዚህ ደግሞ ሁሉም ይሰማል፤ ቀስ በል" አለኝና ሳቀ። ለቀልዱ አብሬ ሳቅሁ እንጂ ነገሬም አላልኩት።

ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የሚውሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጥርባ አካባቢ ገብስና ድንች የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ልጅህን አምጣ ተብለው ነው የታሰሩት። ልጁ ምንም አላደረገም ይላሉ፤ ያገሩ ጎረምሳ ሲታፈስ ፈርቶ ከቤት የወጣ ነው። ጠያቂዎቹ በየጊዜው ይጠሯቸዋል፤ "አላውቅም" ብለው ይመለሳሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እንጀራውን ለአጠገባቸው ሰው ይሰጣሉ። ሌሊት በአገውኛ ይቃዣሉ። እናቴ የዚያው አገር ሰው ናትና ይገባኛል። "ዋሸሁ፣ ዋሸሁ" ነበር የሚሉት።

ዝም ብዬ ብቀመጥ ምናለ? ግን እኔ የታመመ ሰው አጠገቤ እያየሁ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልም፤ ክፉ አመሌ ነው። ውስጣቸው የታፈነ ነገር አለ፣ ካልወጣ ይገድላቸዋል አልኩ። በትምህርት ክፍላችን ደግሞ ለዚህ የታወቀ መላ አለን።

በየዓመቱ መጀመሪያ አዲስ ተማሪዎችን መሬት ላይ ክብ አድርገን እናስቀምጣለን። አንዲት የስፖንጅ ኳስ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ኳሷን የያዘ የከበደውን ይናገራል፤ ሌላው ይሰማል እንጂ አይፈርድም። ከበሩ በላይ በእጄ የጻፍኳት ካርቶን ተለጥፋለች፦ "እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል።" ሌሎቹ መምህራን "የአልቃሾች ትምህርት ክፍል" እያሉ ያሾፉብናል። ያሹፉ፤ ከዚያ ክብ ቀሎት ሲወጣ ያየሁት ልጅ ብዙ ነው። እኮራበት ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ጠባቂዎቹ ተጠልለው ከበሩ ራቅ ብለዋል። የውኃ ጀሪካኑን ክዳን በኳሷ ፋንታ ነቅዬ መሀል ቆምኩና የክቡን ነገር ለሰዎቹ አስረዳሁ።

"መምህር፣ ይሄ ነገር ይቅርብን" አለ የባጃጁ ሹፌር። የዚያን ዕለት አልቀለደም።

በሆዴ 'ይሄ መከላከል ነው' አልኩ። ባለጉዳይ ቁስሉ ሊነካ ሲል የሚያደርገው ነው ብለን እናስተምራለን። ሰውየው የሚያየውን እያየ እንደሆነ፣ ያላየሁት እኔ እንደሆንኩ አልመጣልኝም። "አይዞህ" አልኩት ጭራሽ። ቀጥዬም ያቺን ቃል ተናገርኩ፦ "እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል።" የበሩ ቁልፍ በማን እጅ ሆኖ ነው እንዲህ የምለው? አፌን በያዘው!

ክዳኑ ዞረ። ሹፌሩ ለወጉ ያህል ባጃጁን መንገድ ዳር ጥሎ እንደመጣ ተናገረ። አንዱ ሚስቱ አራስ ናት። አንዱ ምንም ሳይል አሳለፈ። ሽማግሌው ጋ ሲደርስ ይዘውት ቆዩ። እኔ በትምህርቴ እንደማደርገው ወደ ፊት ዘንበል አልኩና፣ ድምፄን አለስልሼ፣ "አባባ፣ ሌሊት ሲጨነቁ እሰማዎታለሁ። ያውጡት፤ ይቀልልዎታል" አልኳቸው።

"በቆረብኩበት አፍ ነው የምዋሽ" አሉ። "የት እንዳለ አላውቅም እላለሁ፤ አውቃለሁ። አጎቱ ዘንድ ከሰል ያከስላል። እኔው ነኝ የሰደድኩት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ የሚረዳቸው ሰው ማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ይመስለኛል፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የቦታውን ስም በአገውኛ ነገሩኝ። አለቀሱ። ለብዙ ጊዜ አለቀሱ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጠበቃቸው።

የዚያን ማታ እንጀራቸውን በሉ። እኔም ከገባሁ ጀምሮ ደህና እንቅልፍ የተኛሁት ያን ሌሊት ነው። አፈር ልብላ፣ ኮርቼ ነው የተኛሁት።

ጠዋት የተጠራሁት እኔ ነኝ። ጠያቂው ከፔርሙስ ሻይ ቀዳልኝ። የማይጮህ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

"ትናንት ክብ ሠርታችሁ ነበር አሉ።"

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መለስኩት።

"ሽማግሌው ልጁ አጎቱ ዘንድ እንደሆነ ተናግሯል። አጎቶቹ ደግሞ ብዙ ናቸው። የትኛው ዘንድ እንደሆነ ላንተ በአገውኛ ነግሮሃል። ቦታውን ንገረኝ፤ ከሰዓት በኋላ እንጅባራ ትገባለህ።"

መግባት ፈልጌ ነበር። ሻይ ውስጥ ያለችው ስኳር እንኳ ቤቴን አስታወሰችኝ። "እኔ የማስተምረው ባለጉዳይ የነገረኝን እንዳላወጣ ነው" አልኩት።

"ባለጉዳይ?" አለና ከልቡ ሳቀ። "ይሄ ክሊኒክ ነው እንዴ?"

ልክ ነበር። ያን ጥያቄ እኔ ነበርኩ አንድ ቀን ቀድሜ ራሴን መጠየቅ የነበረብኝ።

ከእኔ ቀጥሎ ሽማግሌውን ወሰዱ። ሲመለሱ ሁለት ሰው ደግፏቸው ነው። እስከዚያ ቀን "አላውቅም" የምትል አንዲት መሸሸጊያ ነበረቻቸው፤ እሷን ነው የቀማኋቸው። አሁን ማወቃቸው ታውቋል። አጠገባቸው ተንበርክኬ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው።

"ይተዉት መምህር" አሉኝ። "ይልቅ ውኃ ያቀብሉኝ።"

ማን እንደተናገረ አላወቅንም። ከዚያ በኋላ በዚያ መጋዘን የሚያወራ ጠፋ። ቀልድ የማያልቅበት ሹፌር እንኳ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይተኛ ጀመር። የሽማግሌው መልክ በየቦታው ታየኝ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ስሜ ተጠራ። "ዕቃህን ያዝ፤ ወጥተሃል።" ለምን እንደታሰርኩ እንዳልተነገረኝ፣ ለምን እንደተፈታሁም አልተነገረኝም። ጃኬቴን ሳነሳ ማንም እንኳን ደስ ያለህ አላለኝም። ካርቶን ያካፈለኝ ሹፌር ፊቱን አዞረ። ያሰቡት ገባኝ። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን፣ ሽማግሌውን ሸጦ ወጣ ነበር የምለው። ሸጬ አይደለም ብልስ ማን ያምነኛል?

ይኼኔ ሽማግሌው ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሁሉም እንዲሰማ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በአማርኛ ተናገሩ።

"መምህር፣ ቤቴ ይሂዱልኝ። ገብሱን ደቦ ጠርታችሁ እጨዱ ይበሉልኝ። ባዝራዋ እርጉዝ ናት፤ ጭነት እንዳይጭኑባት። ልጄም ካለበት እንዳይነቃነቅ ይበሉልኝ። ከእርስዎ በቀር የምልክበት ሰው የለኝም።"

ልጁ ያለበትን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሳቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አደራውን ለእኔ ሰጡ። ሹፌሩ ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ። "ደህና ግባ" አለኝ።

የሚከተለኝ ሰው እንዳይኖር ፈርቼ ጥቂት ሰነበትኩ። በገበያ ቀን ጥሊሊ የምሄድ መስዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩና ጥርባ ላይ ወረድኩ። ሚስታቸውን አገኘሁ። መልእክቱን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እሳቸው ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ "ደህና ናቸው?"

ደህና ናቸው ብል ምን ነበረበት? ቤተ ሰብ እውነቱን ማወቅ አለበት፣ የተሸፈነ ነገር ይበሰብሳል እያልኩ ዓመት ሙሉ የማስተምር ሰው ነኝ። ነገርኳቸው። ሁለት ሰው ደግፎ እንዳመጣቸው፣ ውኃ ሲጠጡ እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሁሉንም። ሴትዮዋ አመስግነው ሸኙኝ።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ትምህርቴን ስትሸፍንልኝ ከርማለች። ያኔ የምትተውነው ልጅ ኮሪደር ላይ አግኝታኝ አለቀሰች፤ ሳላውቅ ቀጠልኩ፣ ይቅርታ አለችኝ። ኔትወርክ ሲጠፋና ሲመጣ፣ የመውጫ ፈተናው ሲቀርብና ሲራዘም ዓመቱ ነጎደ። እኔም የምክር አገልግሎቱን ክፍል ቁልፍ ለሌላ መምህር ሰጥቼ፣ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ አልኩ። ቁጥር ምስጢር የለውም።

ሐምሌ ላይ፣ ተመራቂዎቹ ጋዋን እየተዋዋሱ ፎቶ ሲነሡ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በመሀላቸው በዱላ እየተረዱ ሲመጡ አየሁ። ሮጬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ወደ ምክር ክፍሉ አስገባኋቸው፤ ባዶው ክፍል እሱ ብቻ ነበር።

"እኔ ወጣሁ" አሉኝ። "ልጄ ገባ።"

እናቱ ከእኔ የሰሙትን ልከውበት ነበር። አባቱ በእሱ ምክንያት ሰው ደግፎት እንደሚሄድ ሲሰማ፣ የከሰሉን አካፋ ጥሎ፣ በእግሩ ዳንግላ ድረስ ሄዶ እጁን ሰጠ። አባትየውን በማግስቱ ለቀቋቸው። ይኸን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ላይ ወቀሳ አልነበረም። ምናለ ቢሰድቡኝ! አንድ ጊዜ እሳቸውን አናገርኩ፣ አንድ ጊዜ ሚስታቸውን ነገርኩ፤ በሁለቱም ለበጎ ብዬ። በሁለቱም የተከፈተው የእኔ አፍ ነው።

ልጁ እስካሁን እዚያው ነው። እሑድ እሑድ ከአባቱ ጋር ስንቅ ይዘን በሚኒባስ እንሄዳለን። አባባ መንገዱን ሙሉ ስለ ውርንጭላዋ ያወሩኛል፤ ባዝራዋ በሰላም ወልዳለች። እኔ እሰማለሁ። አሁን ጥያቄ አልጠይቅም።

ዘንድሮም አዲሶቹ ተማሪዎች ክብ ሠሩ፤ ኃላፊያችን ግድ ብላኝ ገባሁ። አንዲት ልጅ ኳሷን ተቀብላ፣ ጥቂት ይዛ፣ ምንም ሳትል ለቀጣዩ ሰጠች። አምና ቢሆን "አይዞሽ፣ ሞክሪ" እላት ነበር። ዝም አልኳት። ከበሩ በላይ ያለችውን ካርቶን ያን ቀን አነሣኋት፤ ግድግዳው ላይ ነጭ ምልክቷ ቀርቷል።

ባለፈው እሑድ ልጁ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ፣ "ጋሼ፣ ለአባቴ የሆኑለትን እግዜር ይክፈልዎት" አለኝ። በየሳምንቱ ይለኛል። እንደ እሳት ነው የሚፈጀኝ። ስንመለስ አልቻልኩም። መናኸሪያው ላይ ቆሜ፣ "አባባ፣ ለምን እጁን ለመስጠት እንደበቃ፣ ነገሩ ከማን አፍ እንደወጣ ልንገረው። ይፍረድብኝ" አልኳቸው።

ዱላቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ። እኔን አንቱ ማለታቸው ከቀረ ቆይቷል።

"በዚያ ክብ የተባለ እዚያው ይቀራል ያልከን አንተ አይደለህም ልጄ?" አሉኝ። "እኔ ለእሱም ሆነ ለማንም አልተናገርኩም።"

ሚኒባሱ መጣ። ባዶውን የስንቅ ሰሐን ከእጃቸው ተቀብዬ እሳቸውን አስቀደምኩ።