የታጠበው ግድግዳ

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ የሕይወት ባል ዳዊት ከባሕር ዳር የገዛውን የውኃ ማሽን ይዞ መጣ። እንደ ሻንጣ በሁለት ጎማ የሚጎተት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጠቢያ ነው። ዘንድሮ ክረምቱ ጠንከር ብሎ ስለነበር የግቢያችን የድንጋይ ንጣፍ አረንጓዴ ሽበት አብቅሎ ያንሸራትታል። "እማማ፣ አንድ ቀን ወድቀው ሳይሰበሩ ልጠብልዎት" አለኝ። ገመዱን ሰካ፣ የውኃ ቱቦውን ከቧንቧው ጋር አያያዘ፣ ማሽኑ ማጓራት ሲጀምር ውኃው ከጫፉ ተዘርግቶ ወጣ። ባለፈበት ሁሉ ድንጋዩ እየነጣ ሄደ። ከበረንዳው ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን ልጅ አፌን ከፍቼ ሳይ ቆየሁ።

ንጣፉን ጨርሶ ወደ አሮጌው ክፍል ግድግዳ ሲዞር ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

"እዚያ ላይ ራቅ ብለህ ያዘው፣ ልጄ። ያ ግድግዳ ድንጋዩ በጭቃ ነው የተያያዘው።"

ዳዊት ማሽኑን አጥፍቶ ዞረ። "እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ይኼንን የት ያውቁታል?"

እጁ ላይ ውኃው እየተንጠባጠበ ቆሞ ስለነበር ለእሱ የነገርኩት በአጭሩ ነው። እዚህ ግን ጊዜ አለኝና ዘርዘር ላድርገው።

አባቴ ግንበኛ ነበሩ። ሰቆጣ ውስጥ ሰው ሁሉ አያ ኪሮስ ይላቸው ነበር። ድንጋይ ሲጠርቡ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ይዘው፣ ለራሳቸው በኽምጣና እያጉረመረሙ ነው የሚሠሩት። ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከድንጋይ ጋር በኽምጣና ያወራሉ እያለች እናቴ ትስቅባቸው ነበር። ያኔ የምንኖርበትን ቤትም እናቴን ከማግባታቸው በፊት በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት።

እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ዓይናቸው ላይ ሞራ መጣ። መጀመሪያ የሩቁ ደበዘዘባቸው፣ ቀጥሎ የቅርቡ። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ቀኑን ከሌሊቱ ከመለየት በቀር የሚያዩት ነገር አልነበረም። መሣሪያዎቻቸውን በማዳበሪያ ጠቅልለው ከአልጋ ሥር አስገቡና ደጃፉ ላይ ካለው መደብ ተቀመጡ። እናቴ ጠላ እየጠመቀች ቤቱን ያዘች። አባቴ ክፉ ሰው አልሆኑም፣ ዝምተኛ ሆኑ እንጂ። ልምራዎት ብሎ እጃቸውን የሚይዛቸውን ሰው ግን አይወዱም። "መንገዱን እግሬ ያውቀዋል" ይሉና እጃቸውን ይነጥቃሉ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት፣ መስቀል እንዳለፈ፣ ወልዲያ ላይ የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል የሚል ወሬ ደረሰን። አባቴ አልሄድም አሉ። "ፀሐይ መውጣቷን እንኳ አውቃለሁ። ይቺንም ሊወስዱብኝ ነው" አሉ። እናቴ አልተከራከረቻቸውም። ስንቅ አዘጋጀች፣ ጋቢያቸውን አጠበች፣ በነጋታው ጎህ ሲቀድ ጫማቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጣ "አውቶቡሱ ይሄድብናል" አለቻቸው። ሄዱ። እኔ ቤት ልጠብቅ ቀረሁ።

በዚያን ጊዜ በሰፈራችን ስልክ የነበረው ሸህ ሰይድ ሱቅ ብቻ ነበር። ልጃቸው ኑሩ ከእኔ ትንሽ ከፍ የሚል ጎረምሳ ነው። ከደሴ አንድ የኤሌክትሪክ ማጠቢያ አምጥቶ ከከተማው መውጫ ላይ ላቫጆ ከፍቶ ነበር፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች ተሰልፈው ያሳጥባሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኑሩ በራችን ላይ መጥቶ ቆመ።

"እናትሽ ደውላ ነበር" አለ። "ፋሻው ተነሥቷል። አያ ኪሮስ ያያሉ።"

"ምን አለች? ሁሉንም ንገረኝ።"

"ከነገ ወዲያ ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ስታለቅስ ነው የሰማሁት፣ ሌላውን አልለየሁትም።"

እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ቀና ስል ቤታችንን አየሁት። እዚያው ተወልጄ አድጌ፣ አንድም ቀን እንደዚያ አላየሁትም ነበር። በኩሽናው በኩል ያለው ግድግዳ በጭስ ጠቁሯል። ከሥር ዝናብ ያነሣው ጭቃ እስከ ጉልበት ድረስ ተረጭቶ ደርቋል። ንጣፉ ላይ የዶሮ ኩስና ሽበት ተደራርቧል። አባቴ ያን ሁሉ ዓመት በጨለማ ተቀምጠው ሲያስቡት የኖሩት ቤት ይኼ አልነበረም። እሳቸው የሚያውቁት ነጣ ያለ፣ ቢጫ የሚያደላ፣ ጠርዙ የተስተካከለ ድንጋይ ነው። ሊያዩት ነው ደግሞ።

ቡሩሽና አመድ ይዤ ተነሣሁ። እስኪመሽ ፈግፍጌ ያጸዳሁት ከደጃፉ አጠገብ ያሉትን ጥቂት ድንጋዮች ብቻ ነው። ጣቶቼ ተላጡ። በማግስቱ ጠዋት ላቫጆው ሄድኩ።

"ኑሩ፣ ይኼ ማሽን መኪና ብቻ ነው የሚያጥበው?"

"ቆሻሻ ያጥባል" አለ። "መኪና ላይ ይሁን ሌላ ላይ እሱ አያውቅም።" የፈለግሁት ሲገባው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ሾፌሮቹን "ዛሬ አልሠራም" አላቸው። "የአባቴን ሱቅ የገነቡት አያ ኪሮስ አይደሉ?" አለኝ ማሽኑን ጋሪ ላይ ሲጭን።

ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ በበርሜል ሞልቶልናል። ወሩ ሚያዝያ ቢሆን ኖሮ ለግድግዳ ብዬ ውኃ ማፍሰስን አላስበውም፣ ሰፈሩም አይፈቅድልኝም። ኑሩ ገመዱን በመስኮት አሳልፎ ሰካ፣ የመምጠጫውን ጎማ በርሜሉ ውስጥ ነከረ፣ ቃታ ያለውን እጀታ ሰጠኝ።

"በሁለት እጅሽ ያዢው፣ ወደ ኋላ ይገፋል። ወደ እግርሽ እንዳታዞሪው። እንደ መጥረጊያ ከራስሽ ወደ ውጭ ውሰጂው።"

ቃታውን ስጫን እጄ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር የገባ መሰለኝ። ከንጣፉ ላይ ሽበቱ እንደ ቆዳ እየተገፈፈ ሄደ። ውኃው ተመልሶ ፊቴ ላይ፣ ቀሚሴ ላይ ይረጫል፤ አፌ ውስጥ አፈር አፈር ይላል። መብራቱ ደከም ሲል ማሽኑም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ እኛም እንቆማለን፣ ሲመለስ እንቀጥላለን። ንጣፉ አልቆ ግቢው ሲበራ ኑሩና እኔ ተያይተን ሳቅን። እናቴ ለመንገድ ቆልታ የተረፈውን ገብስ ቆሎ ቆመን ቃምን።

ከዚያ ኑሩ በርሜሉ ስለጎደለ ከጎረቤት ውኃ ሊያመጣ ሄደ። እኔ ደግሞ ግድግዳው ላይ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የጭሱ ጥላሸት ወረደ። ቢጫው ድንጋይ ብቅ አለ፣ የአባቴ መሮ ያረፈበት መስመር ሁሉ እንደ ጽሑፍ ታየ። እየቀረብኩ ሄድኩ። ቡናማ ውኃ በእግሬ ሥር እየጎረፈ ይወርዳል፤ ቆሻሻው ነው አልኩ። ጠጠር መውደቅ ሲጀምርም አልገባኝም። አንድ የቡጢ ያህል ድንጋይ ከግድግዳው ወጥቶ ጭኔን መትቶኝ ሲያልፍ ነው ቃታውን የለቀቅሁት። ጣቴን በሁለት ድንጋዮች መሀል አስገባሁ። እስከ ሥሩ ገባ። ጭቃውን ነበር ሳጥበው የቆየሁት።

ኑሩ ጀሪካኖቹን ይዞ ሲመለስ ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሄዶ ገመዱን ነቀለ።

"መኪና ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም" አለ ቀስ ብሎ። "ማስጠንቀቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ለአያ ኪሮስ እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"አይሆንም። አባቴ ናቸው፣ እኔ ነኝ የምነግራቸው።"

ግድግዳው ቢናድስ ብለን ሁለት ወፍራም እንጨት ደግፈንበት ተለያየን።

በማግስቱ ከወልዲያ በኮረም በኩል የሚመጣው አውቶቡስ አቧራ ለብሶ መናኸሪያው ገባ። መጀመሪያ እናቴ ወረደች፣ ብርቱካን በፌስታል ይዛለች። ቀጥሎ አባቴ ጥቁር መነጽር አድርገው በሩ ላይ ቆሙ። እጄን ዘረጋሁላቸው። አልያዙትም። ደረጃውን አንድ በአንድ እያዩ ወረዱና ፊት ለፊቴ ቆሙ።

"እንኳን ደኅና መጡ፣ አባ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። እናቴ "ሐኪሙ ፀሐይ ከልክሎሃል" ብትልም አልሰሟትም።

"ድምፅሽ የሙሉ ነው" አሉኝ። "እኔ የማውቃት ሙሉ ግን እዚህ ጋ ነበረች።" እጃቸውን ከወገባቸው ዝቅ አድርገው አሳዩኝ። ከዚያ ፊቴን ከግንባሬ እስከ አገጬ ድረስ አዩት። ሰው እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲያየኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፣ ከዚያ ወዲህም የለም።

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። አባቴ በየመንገዱ ይቆማሉ። ይኼ የማን ቤት ነው፣ ያ ዛፍ የት ሄደ፣ ይኼንን ግንብ እንዲህ አጣሞ የሠራው ማነው ይላሉ። እኔ ግን ቤታችን መታጠፊያ ላይ ስንደርስ መቋቋም አቃተኝ።

"አባ፣ ለእርስዎ ብዬ ቤቱን በማሽን አጠብኩት። ግድግዳውን ግን አበላሸሁት። ጭቃው ወጥቶብኛል።"

አባቴ መራመዳቸውን ቀጠሉ፤ ግቢው ገብተው ግድግዳው ፊት ቆሙ። እናቴ የተደገፉትን እንጨቶች ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ ተጠግተው መዳፋቸውን አንድ ሰፊ ድንጋይ ላይ አሳረፉ። ጣታቸው ክፍተቱ ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ ሌላው ውስጥ ገባ። በኽምጣና አንድ ነገር አጉረመረሙ። እንደዚያ ሲያጉረመርሙ ከሰማሁ ዓመታት አልፈው ነበር።

"ጠርቤ ስጨርሰው እንዲህ ነበር ቀለሙ" አሉ በመጨረሻ። "እኔም ረስቼው ነበር።"

"ጭቃውስ፣ አባ?"

"ጭቃው አርጅቷል። መለወጥ ነበረበት። እኔ ስላላየሁት ነው እስከ ዛሬ የቆየው።"

እናቴ ዞራ አየቻቸው። እውነታቸውን ይሁን እኔን ሊያጽናኑኝ፣ ያኔም አልጠየቅኋቸው፣ አሁን ደግሞ የምጠይቀው ሰው የለም።

ሐኪሙ ለጊዜው እንዳያጎነብሱ፣ አቧራም እንዳይነካቸው አዝዟል። ስለዚህ ራቅ ብለው ዱካ ላይ ተቀመጡና እኔና ኑሩ እጃቸው ሆንን። አፈሩን ከየት እንደምናመጣ፣ እንዴት እንደምንነፋው፣ የጤፍ ጭዱ ምን ያህል እንደሚገባ፣ ጭቃው ስንት ቀን ቦክቶ መክረም እንዳለበት ከዱካቸው ላይ ሆነው ይናገራሉ። ኑሩ ማታ ማታ ላቫጆውን ዘግቶ ይመጣል። እኛ ጭቃውን በክፍተቱ ስንጠቀጥቅ፣ "ከላይ በግራ በኩል፣ ከትንሹ ድንጋይ ሥር፣ አልሞላም" ይላሉ ከሩቅ። እናያለን፣ እውነትም አልሞላም። እሳቸው ያን ጊዜ ፈገግ ይላሉ። ግድግዳው መስተካከሉን ብቻ ሳይሆን ዓይናቸውንም እየሞከሩ ነበር።

የሰፈሩ ሰው የባቄላ እሸት፣ አንዳንዱም የማር ወለላ እየያዘ ሊጠይቃቸው ይመጣ ጀመር። አባቴ ሁሉንም ትክ ብለው ያዩና ያዩትን ይናገራሉ። አንዷን ጎረቤታችንን "አንቺ ሸብተሽ የለም እንዴ" ብለዋት፣ እሷም በነጠላዋ ሸፈን አድርጋ "እርስዎ ሳያዩኝ ነው የሸበትኩት" ብላ ግቢው በሙሉ ሳቀ። ያ ቤት ሳቅ ከሰማ ብዙ ጊዜው ነበር።

የሐኪሙ ቀጠሮ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ማዳበሪያው ከአልጋው ሥር ወጥቷል። አባቴ ግድግዳው ጋ ቆመው፣ የግንበኛ ማንኪያቸውን ይዘው፣ ኑሩና እኔ የሞላነውን እያስተካከሉ ነበር። ምላሳቸውን በጥርሳቸው ይዘዋል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች። "ቁርስ ደርሷል በያቸው" አለችኝና፣ ወዲያው ደግሞ "ቆይ፣ ተያቸው" አለች። ከዚያ ወዲያ አባቴ ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። ትልልቅ ሥራ አልያዙም፤ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ የፈረሰ አጥር፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ሲመለሱ ግን ልብሳቸው ላይ አቧራ፣ አፋቸው ላይ ወሬ አይጠፋም።

ልጄ ሕይወት አሥር ዓመት ሲሞላት የቤት ሥራዋን እሳቸው አጠገብ ሆና እንድትሠራ ጠየቁኝ። ብቻቸውን መሆን ሰልችቷቸው መስሎኝ ነበር።

"አይደለም" አሉኝ። "አንቺ በዚህ ዕድሜሽ ምን እንደምትመስዪ አላየሁም። እሷ ላይ ነው የማይሽ።"

ሕይወት ቁርጥ እኔን ናት ይላሉ። አሥር ዓመት ሆናት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ስድስት። አባቴ ከጎኗ ተቀምጠው በዓመት በዓመቱ አዩዋት፣ ያመለጣቸውን አሟልተው ነው ያረፉት።

ዳዊት ይኼን ሰምቶ ሲያበቃ ግድግዳውን በቡሩሽ አጠበው። እኔም ማታ እንደ ልማዴ ያሉኝንና የነበሩኝን እያስታወስኩ ጸለይኩ። እናቴን ጫማውን ከአባቴ እግር ሥር ስላስቀመጠችላቸው አመሰገንኩ። ኑሩን አመሰገንኩ፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፣ መንገድ ላይ ስንገናኝ ቆመን ሳናወራ አንለያይም። የዚያን የወልዲያ ሐኪም ስም ግን አላውቀውም። እናቴንም ብዙ ጊዜ ጠይቄያት ነበር፣ "ቀጭን ነው፣ እጁ አይንቀጠቀጥም" ከማለት በቀር የምትነግረኝ አልነበራትም። ስለዚህ ስሙ ጋ ስደርስ "ያንን ቀጭኑን" እላለሁ። የቱን ቀጭን እንደምል እግዚአብሔር ያውቃል።