እጇ አላርፍ ያላት መምህርት

የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራዋ መምህርት መቀመጥ የሚባል ነገር አይሆንላትም። ጋውኗን እያወናጨፈች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስትሮጥ የሚያዩ ተማሪዎች «እሳት አደጋ» የሚል ስም አውጥተውላታል። የአንዱ እጅ ከተንቀጠቀጠ ፍላስክ የሚሉትን የመስታወት ዕቃ ትነጥቀዋለች፤ ሌላው ካመነታ ራሷ ትጨርስለታለች። ቤቷ ውስጥም ያው ናት። ትንሿ ልጇ የጫማዋን ክር ስታስር እንኳ አላስችል እያላት ትቀማታለች።

አንደኛ ዓመቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው የሚሠሩበትን ዘዴ ያመጣችው ግን እሷው ናት። አንዱ ቢሬት የሚባለውን የመስታወት ቱቦ ከፍቶ ያንጠባጥባል፤ ዓይኑን ከመክፈቻው አይነቅልም። ሌላው እጁን ሳያስገባ ከታች ያለውን ፍላስክ እያየ፣ ፈሳሹ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሲሆን «ዝጋ» ይላል፤ ከዚያ አልፎ ከደመቀ ሙከራው ተበላሸ ማለት ነው። ሳይነጋገሩ አይሆንም። እነሱ ግን መነጋገሩን ትተው እሷን መጠበቅ ለመዱ። ምን ቸገራቸው? ትመጣለቻ!

ዛሬ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ራሳቸውን ችለው ካልሠሩ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እነሱ ያያሉ። የሚደፋ ኬሚካል የለንም» ብለዋታል።

እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

ፊት ለፊቷ አንድ ቀውላላ ልጅ የቢሬቱን መክፈቻ በጥድፊያ ከፈተው። አጠገቡ ያለችው ዝምተኛ ልጅ ሮዙ ብቅ ሲል አየች፤ ዓይኗ መምህርቷን ፈለገ። መምህርቷ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። መለስ ስትል ፍላስኩ ደም መስሏል።

«አበላሹት እኮ!» አሉ ኃላፊው።

«እባክዎ፣ ትንሽ ይታገሡኝ።»

ልጁ ጓደኛው ላይ ጮኸባት። «እያየሽ ዝም ትያለሽ?»

«አንተስ ምን አስቸኮለህ? ቲቸር ትመጣለች ብዬ እኮ ነው!»

«አልመጣችማ!»

መምህርቷን ይህ ከኃላፊው ቁጣ በላይ አመማት።

ልጆቹ እየተነጫነጩ ፍላስኩን አጥበው እንደገና ጀመሩ። ጠብ። ጠብ። «ቀስ በል... ቀስ... ዝጋ!» የልጅቷ ጩኸት ክፍሉን ሞላው። ፈዘዝ ያለ ሮዝ! ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሁለት ተማሪዎች «እንዴት አደረጋችሁት?» እያሉ መምህርቷን አልፈው ወደ እነሱ ሄዱ።

«በይ፣ ዘዴሽ ይቀጥል» አሉ ኃላፊው።

ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ተራመደች። የሚጠራት አልነበረም። እጆቿን ከኪሷ አወጣችና ምን እንደምታደርግባቸው ግራ ገባት።